ደብተሬ ላይ ሁሉም ቦታ አንድ ሆነብኝ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 29 ነው። የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው፤ የምሠራው ደግሞ አንድ የግል ድርጅት ሒሳብ ክፍል ውስጥ። ከቤት ቢሮ፣ ከቢሮ ቤት ሲሰለቸኝ እሑድ እሑድ ከከተማ ወጣ ማለት ጀመርኩ። እንጦጦ፣ ሱሉልታ፣ ገፈርሳ ሄጃለሁ። ባልደረቦቼ ወንጪ፣ ላንጋኖ፣ ሐዋሳ እያሉ ፎቶ ሲለጥፉ ግን የእኔው ጉዞ ጉዞ አይመስለኝም። ከዚህ በላይ ደግሞ ደመወዜ አይፈቅድም። ለማስታወሻ ብዬ ደብተር ገዝቼ ቤት ስመለስ እጽፋለሁ። ሰሞኑን ከመጀመሪያው ጀምሬ ሳነበው ሁሉም አንድ ነው። አንዱን ልጥቀስ፦ “ዛሬ እንጦጦ ሄድን። አየሩ በጣም ንጹሕ ነው። መልክዓ ምድሩ ልብ ይማርካል። ደስ የሚል ቀን ነበር።” የገፈርሳውም ከስሙ በቀር ይኸው ነው። በዚህ ላይ እናቴ “ምን ጎድሎሽ ነው ጫካ ለጫካ የምትዞሪው?” ትለኛለች። እሷ ያደገችው ደብረ ሲና አካባቢ ገጠር ነው። ዳገትና እንጨት ለእሷ ሥራ እንጂ መዝናኛ አይደለም። ምን ትመክሩኛላችሁ? ሩቅ ቦታ መሄድ እስክችል ልጠብቅ ወይስ ደብተሩን ልተወው?

ስሜ ይቆይ፣ ከየካ አባዶ

መልስ፦ ስምሽ ይቆይ ስላልሽ እህቴ ልበልሽ።

ደብተሩን አትተዪው። ሩቅ ቦታም አትጠብቂ። እውነቱን ልንገርሽ፤ በዚህ አጻጻፍሽ ወንጪም ብትሄጂ የምትጽፊው “አየሩ በጣም ንጹሕ ነው” ብለሽ ነው። የሚጨምረው የመኪና ኪራዩ ብቻ ነው።

የላክሽውን ጽሑፍ ደግሜ አየሁት። ቀኑ ደስ ብሎሻል፤ እሰየው። ምን እንዳየሽ ግን አንድም ቦታ አልተጻፈም። አንቺ የሒሳብ ሰው ነሽ። አንድ ሠራተኛ መጥቶ “ከፍተኛ ወጪ አውጥቻለሁ” ቢልሽ ደረሰኝ ሳታዪ ትመዘግቢለታለሽ? “ልብ ይማርካል”ም ደረሰኝ የሌለው ወጪ ነው። ከስድስት ወር በኋላ ስታነቢው ምኑ እንደማረከሽ ራስሽም አታውቂውም።

እስቲ ያንኑ የእንጦጦ ቀን አብረን እንመርምረው። “ሄድን” ብለሻል። ከማን ጋር? ከሽሮ ሜዳ በታክሲ ነው የወጣችሁት ወይስ በእግር? ስንት ሰዓት ላይ ደረሳችሁ? ማርያም ቅዳሴ አልቆ ሰው እየወጣ ነበር? ጉም ነበር ወይስ ጠራ ያለ ቀን? ማን አነጋገራችሁ? ምን በላችሁ? ከእነዚህ ሦስቱን ብቻ ብትመልሺ ያ ቀን ከሌላ ቀን ጋር መምታታቱ ይቀራል።

አሁን ወደ እይታው። ብዙ ሰው እንጦጦ ወጥቶ የሚያየው ፎቅ ነው። “ያ ንግድ ባንክ ነው፣ ያ ቦሌ ነው፣ የእኛ ሰፈር በዚያ በኩል ነው” ተባብሎ፣ ፎቶ ተነሥቶ ይወርዳል። አንቺ ዓይንሽን ከፎቆቹ አሻግሪው። ፊትሽን ወደ ደቡብ አዙረሽ ስትቆሚ በስተ ቀኝ ወጨጫ አለ። ከእሱ ወደ ግራ ዝቅ ያለው ፉሪ ነው። በስተ ግራሽ፣ በደቡብ ምሥራቅ በኩል የረር ይታያል። ከሁሉም ርቆ፣ ሜዳው መሀል ብቻውን የቆመው ደግሞ ዝቋላ ነው። አራቱም የጠፉ እሳተ ገሞራዎች ናቸው። ዝቋላ 2,989 ሜትር ከፍታ አለው፤ አናቱ ላይ ሐይቅ አለ፤ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስም ገዳም እዚያው ነው። ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 ሕዝቡ የሚተምበት ተራራ ማለት ነው።

እንግዲህ በየጊዜው ስትወጪ የመጀመሪያ መስመርሽ ይህ ይሁን፦ “ዛሬ ዝቋላ ታየ” ወይም “ዛሬ ዝቋላ አልታየም፤ ከየረር ወዲያ ሁሉም አቧራ ነው።” ቀላል ነገር ይመስላል። ግን ዝናቡ ሲያቆም፣ መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ላይ፣ አየሩ ታጥቦ ተራሮቹ ቁልጭ ይላሉ። ጥርና የካቲት ላይ አቧራውና ጭሱ ይጋርዳቸዋል። ክረምት ላይ ደግሞ እንኳን ዝቋላ ከፊትሽ ያለው ዛፍም በጉም ይጠፋል። “አየሩ ንጹሕ ነው” ስትዪ ምን ያህል ንጹሕ እንደሆነ ዝቋላ ይነግርሻል።

ለዚህ ነው አንድን ቦታ ደጋግመሽ እንድትሄጂበት የምመክርሽ። ስለ ገንዘብ ብዬ ብቻ አይደለም። አዲስ ቦታ ሁልጊዜ ይማርካል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ “ይማርካል” ብለሽ ትጽፊያለሽ። አንድ ቦታ ደጋግመሽ ስትሄጂ ግን የተለወጠውን ማየት ትጀምሪያለሽ። በመስከረም አደይ አበባ የነበረበት ጎን በታኅሣሥ ደርቆ ቢጫ ሣር ይሆናል። ባለፈው የተሻገርሽው ጅረት ዛሬ ድንጋይ ብቻ ነው። እኔ በበኩሌ በየወሩ አዲስ ቦታ ከሚረግጥ ሰው ይልቅ የአንዱን ተራራ አራቱንም ወቅት የሚያውቅ ሰው ነው የሚያስቀናኝ።

ሱሉልታንም ሄጃለሁ ብለሻል። በከተማውና በሱሉልታ መካከል ያለውን የእንጦጦን ሸንተረር ልብ ብለሽዋል? ያ ሸንተረር ውኃ ይከፍላል። በከተማው በኩል የወረደው ዝናብ በቀበና በሌላውም ወንዝ አድርጎ አቃቂ ይገባል፤ ከዚያ አዋሽ። አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳያይ አፋር ውስጥ ይቀራል። በሱሉልታ በኩል የወረደው ሙገርን ይዞ ዓባይ ይገባል፤ ማረፊያው ሜዲትራኒያን ነው። የተራራው አናት ላይ ቆመሽ ውኃሽን ብትደፊው ግማሹ ወዲያ ግማሹ ወዲህ ነው እንግዲህ። ይህን አውቀሽ ስታልፊበት ያ ቦታ “ከእንጦጦ ጀርባ” ብቻ አይሆንብሽም።

ሱሉልታ ሜዳ ላይ ኅዳርና ታኅሣሥ በጠዋት ከደረስሽ ሣሩ ነጭ ሆኖ ልታገኚው ትችያለሽ። ውርጭ ነው። ሌሊት ሰማዩ ሲጠራ መሬቱ ሙቀቱን ይለቃል፤ ቀዝቃዛው አየር ከተራራው ወርዶ ሜዳው ላይ ይተኛል። ለዚህ ነው አንዳንዴ ከላይ ከተራራው ይልቅ ታች ሜዳው የሚበርደው። ፀሐይ ወጥታ ብዙም ሳትቆይ ውርጩ ይጠፋል፤ ስለዚህ ረፋድ ላይ የሚደርስ ሰው እንደነበረም አያውቅ። በዚያ ሰዓት ሯጮችም ታገኛለሽ። ከመንገዳቸው ፈቀቅ በዪ፣ “በርቱ” በዪ፣ በቃ። ልምምድ ላይ ያለን ሰው አስቁሞ “ፎቶ እንነሣ” ማለት ነውር ነው። እንዲህ የሚያደርጉትን ሰው አይቶም አይነግራቸው፤ እኔ ልናገር።

ስለ ዛፍ አንድ ነገር ልበልሽ። የእንጦጦን ባሕር ዛፍ ሁላችንም “ጫካ” እንለዋለን። እኔን ጫካ ለማለት ይከብደኛል። በአፄ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ ነው። ያኔ በአካባቢው ማገዶ አልቆ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ሁሉ ታስቦ ነበር። ቶሎ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ደርሶ ከተማዋ ባለችበት ረጋች። ስለዚህ ባለውለታ ነው፤ አልክደውም። ግን ሥሩን ተመልከቺ። ደረቅ ቅጠልና ፍሬ ነው። ሌላ ተክል እንደ ልብ አያበቅልም፤ ወፉም ጥቂት ነው። አንድ ነገር ሞክሪ። ባሕር ዛፉ ውስጥ አሥር ደቂቃ ዝም ብለሽ ተቀመጪና የሰማሽውን ጻፊ። ከዚያ ጥድና ወይራ ያለበት የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ገብተሽ ሌላ አሥር ደቂቃ ተቀመጪ። ሁለቱን ማስታወሻ ጎን ለጎን አድርጊና አንብቢያቸው። ይህን ካደረግሽ ስለ እንጦጦ ምን እንደምጽፍ ጠፋኝ አትዪም።

የአገር ዛፍ በብዛት ማየት ከፈለግሽ ጉለሌ የዕጽዋት ማዕከል አለልሽ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በጋራ ያቋቋሙት ነው፤ 705 ሄክታር ስፋት አለው። በባሕር ዛፉ ቦታ የአገር ተክል እየተመለሰበት ያለ ተራራ ነው። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው እንጦጦ ፓርክም ጥሩ ነው፤ መንገዱ የተሠራ ነው፣ ለጀማሪ ይመቻል። ብቻ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሕዝቡ ብዙ ነው። ሰው ለማየት ከሆነ ሂጂ፤ ለዛፉ ከሆነ ጠዋት ይሻላል።

ለአንቺ ከሁሉም የሚቀርበው ግን የካ ተራራ ነው። እዚያ ላይ ዋሻ ሚካኤልን አይተሻል? ከቋጥኝ የተፈለፈለ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ነው። ጣራው ወድቋል፣ ግድግዳውና ክፍሎቹ ግን ይታያሉ። ስለ ዘመኑ የሚነገረው ብዙ ዓይነት ነው፤ ካህናቱ የሚሉትን ስሚና እንደሰማሽው ጻፊው፣ ማን እንዳለሽም ጨምሪበት። ላሊበላ ለማየት ዓመት ሙሉ ገንዘብ የሚያጠራቅም ሰው ከሰፈሩ በላይ ያለውን ሳያይ ይኖራል። ነጠላ መያዝ አትርሺ።

ተራራው ላይ ስትወጪ እንጨት ተሸካሚ እናቶች ታገኛለሽ። ስለ እነሱ ደብተርሽ ውስጥ አንድም ቃል የለም ብዬ ብወራረድ የምሸነፍ አይመስለኝም። ቀረብ ብለሽ ተመልከቺ። ጭራሮውና ቅጠሉ በገመድ ታስሮ ጀርባ ላይ አግድም ነው የሚጫነው። ግራና ቀኝ ስለሚወጣ ጠባቡ መንገድ ላይ ሌላ ሰው አያሳልፍም። ቁልቁል እየወረደች ያለች ሴት ደግሞ ልቁም ብትልም በቀላሉ አትቆምም፤ ክብደቱ ይገፋታል። ስለዚህ መንገድ የምትለቂው አንቺ ነሽ። ወደ ዳገቱ በኩል ጠጋ በዪ፤ በገደሉ በኩል አትቁሚ። “በርቱ እናቴ” በያቸው። ሳትጠይቂ ፎቶ አታንሺ። ሲያርፉ አግኝተሻቸው ወሬ ከጀመራችሁ ከየት እንደተነሡ፣ ስንት ሰዓት እንደወጡ፣ የት እንደሚሸጡ ጠይቂ። ያንን ጻፊ። አንቺ “ልብ ይማርካል” ያልሽው ዳገት ለእነሱ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ እናትሽም የምትልሽ ይህንኑ መሰለኝ።

ስለ አጻጻፉ ደግሞ ጥቂት ነገር። ቤት ስትመለሺ አትጻፊ፤ እዚያው ጻፊ። ቤት ከደረስሽ፣ ሻወር ወስደሽ፣ ቡና ከጠጣሽ በኋላ የሚቀርሽ “ደስ ይል ነበር” ብቻ ነው። በኪስ የሚገባ ትንሽ ደብተርና እርሳስ ያዢ። እስክሪብቶ በዝናብ ይፈስሳል፤ እርሳስ ምንም አይሆንም። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ካልሆነ አትበዪ። “3፡20፣ ጉም፣ ውሻ፣ ቆሎ የሰጡን ሴትዮ” ይበቃል። ማታ ስታነቢው ቀሪው ራሱ ይመጣል።

ስሙን የማታውቂውን ነገር ስሙን አላውቅም ብለሽ አትለፊው። ግለጪው። ለምሳሌ ጥድ ባለበት ቦታ አንድ ወፍ ታያለሽ። አረንጓዴ ነው፣ ጅራቱ ረዘም ይላል፣ ቅርንጫፍ ላይ እየሮጠ ይሄዳል። ተቀምጦ ሳለ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሲበር ግን ክንፉ ውስጥ ተደብቆ የነበረው ደማቅ ቀይ ብቅ ይላል። እንዲህ አድርገሽ ከጻፍሽው ስሙን የሚነግርሽ ሰው አታጪም። “የሚያምር ወፍ አየን” ካልሽ ግን አዋቂውም አይረዳሽም።

ፎቶ አንሺ፣ አልከለክልሽም። ግን ሁልጊዜ ራስሽን ከፊት አታድርጊ። ቅጠሉን በቅርብ፣ ግንዱን በቅርብ፣ ከዚያ ተራራውን በሙሉ አንሺ። በኋላ ረጋ ብለሽ የምትመረምሪው እንዲህ ያለውን ፎቶ ነው።

ብቻሽን ነሽ ወይስ ከሰው ጋር የሚለውን አልነገርሽኝም። የሃይኪንግ ቡድኖች አሉ፤ መኪናውም ምሳውም መሪውም ተዘጋጅቶ ነው የሚወስዱሽ። ለሩቅ ቦታና ለማታውቂው መንገድ እነሱ ይሻላሉ። ጉዳቱ ሙዚቃውና ጥድፊያው ነው፤ ከፊትሽ ካለው ሰው ጫማ በቀር የምታዪው የለም። ብቻሽን ግን ወደ ጫካ አትግቢ። ይህን የምልሽ ሴት ስለሆንሽ ብቻ አይደለም፤ ለወንዱም እንዲሁ ነው የምለው። እግር ወለም ቢል የሚደግፍ ሰው ያስፈልጋል። የባሕር ዛፍ ፍሬ ቁልቁለት ላይ ከጫማ ሥር ይንከባለላል፤ ሶሉ ያለቀ ስኒከር አድርገሽ አትውጪ። እንጦጦ 3,200 ሜትር ገደማ ነው። የአዲስ አበባ ልጅ ብትሆኚም ትንፋሽ ያጥርሻል፤ ዝግ ብለሽ ውጪ። ብርድ ነው ብለሽ ባርኔጣ አትተዪ፤ ፀሐዩ ያቃጥላል። ሱሉልታ በኩል የእረኛ ውሻ ካጋጠመሽ አትሩጪ፤ ቁሚና ባለቤቱን ተጣሪ። ከከተማው ስትወጪ አብዛኛው ሰው ኦሮምኛ ተናጋሪ ነው፤ “አካም ጅርቱ” ብለሽ ሰላምታ ብትሰጪ የሚቀበልሽ ፊት ሌላ ነው። የመንገዱን ሁኔታ የአካባቢውን ሰው ሳትጠይቂ አትለፊ። ሲመሽ ታክሲ ስለሚሳሳ ደግሞ በጊዜ ውረዱ።

አሁን ወደ እናትሽ ልምጣ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። በልጅነቱ ውኃ የቀዳ፣ እንጨት የለቀመ ሰው “ዳገት ልወጣ ነው፣ ለመዝናናት” ሲባል ቢገርመው አይፈረድበትም። አትከራከሪያቸው። “ለጤናሽ ጥሩ ነው” እያልሽም አታድክሚያቸው። አንድ እሑድ “እማዬ፣ ስሙን ያላወቅኩት ቅጠል ብዙ ነው፤ ነይና ንገሪኝ” በያቸው። ደብረ ሲና ያደገ ሰው ጦስኝን፣ ዳማከሴን፣ ቀጋን፣ አምጃን፣ ኮሶን አንድ በአንድ ነው የሚያውቃቸው። የትኛው ሻይ ውስጥ እንደሚገባ፣ የትኛው ለምች እንደሚታሽ፣ ወይራ የወተት ዕቃ እንዴት እንደሚያጥን፣ ለቤት ምሰሶ ጥድ ለምን እንደሚመረጥ ይነግሩሻል። አንቺ እርሳስሽን ይዘሽ መከተል ነው። እስከ ዛሬ ደብተርሽ የጎደለው ምናልባት እሳቸው ይሆናሉ።

የት ልውሰዳት ካልሽ ሱባ ውሰጃቸው። መናገሻ ሱባ ከከተማው በስተ ምዕራብ፣ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ፣ ያው ከእንጦጦ ሆነሽ የምታዪው ወጨጫ ጎን ላይ ያለ ደን ነው። ይህ እውነተኛ ጫካ ነው። ጥዱን የሁለት ሰው እቅፍ አይበቃውም፤ ዝግባ አለ፣ ከፍ ስትዪ ኮሶ አለ፣ ከዚያ በላይ አስታ። ጉሬዛ ቅርንጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ቁልቁል ያይሻል፤ የምኒልክ ዱኩላም ዕድል ከቀናሽ ትታያለች። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ የጥዱን ዘር አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። ከየት አስመጡት? ከወፍ ዋሻ። ወፍ ዋሻ ደግሞ ደብረ ሲና አጠገብ ያለው ደን ነው። እናትሽ የአገራቸው ሰው አያጡም ማለት ነው።

ለዚህ ጉዞ ብቻ መኪና ያስፈልጋችኋል። ዋናውን መንገድ ከለቀቃችሁ በኋላ ኮረኮንች ነው፤ ዝናብ ከጣለ ዝቅ ያለ አውቶሞቢል አይሆንም። ላንጋኖ ከሚሄዱት ባልደረቦችሽ ሁለት ሦስቱን ጋብዢና ኪራዩን ተካፈሉት። በር ላይ ክፍያውን ስትፈጽሙ መንገድ የሚያሳይ የአካባቢ ሰው ጠይቁ። ጠዋት 12 ሰዓት ተነሡ፣ ምሳችሁን ቋጥራችሁ ሂዱ፤ እዚያ ሻይ ቤት አገኛለሁ አትበዪ። ሹራብ ለእናትሽ ደርበሽ ያዢ፤ የፊቱም ወንበር ለእሳቸው ይሁን።